ያልተቆጠረችው ልጅ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች በይርጋለም ሳሎን ተቀምጠው ሰባት ቤት ቆጠሩ። አንደኛው የልጅቷን ወገን፣ ሌላኛው የልጁን ወገን ይዘው፣ ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እየወጡ ጣታቸውን አንድ በአንድ አጠፉ። በእናት በኩልም እንዲሁ አደረጉ። ባትኤል የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የማታውቃቸው የሞቱ ሰዎች ስም፣ ዕብራይስጥ በሚነገርባት በአፉላ ከተማ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጎረቤት ቴሌቪዥን ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ሲጠራ ሰማች። ሁለቱ ሽማግሌዎች የጠሯቸው ስሞች የትም አልተገናኙም። ባትኤልና አሳፍ ዘመድ አይደሉም፤ መጋባት ይችላሉ ተባለ።

እምቢ ያለችው እናቷ ይርጋለም ናት።

“ዝምድናማ የለም፤ ዳፍንት ግን አለ” አለች።

ዳፍንት ሲመሽ ዐይን የሚጋርድ በሽታ ነው። የአሳፍን አያት አባ አለበልን የያዛቸው ግን ጉበት ሲበላ የሚለቀው ዓይነት አልነበረም። በልጅነታቸው ፀሐይ ስትጠልቅ ግድግዳ ይዳብሱ ነበር። ጎልማሳ ሲሆኑ ዓለምን የሚያዩት በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነበር። በአርባ ዓመታቸው ቀኑም መሸባቸው። ጎንደር ሳሉ ለአለበል ወንዶች ልጆች ሴት ልጁን የሚሰጥ አልተገኘም። ሴቶች ልጆቻቸውን ግን ሰው በእልልታ ወሰዳቸው፤ ዳፍንት ሴት አይዝም ይባል ነበርና።

ይርጋለም የራሷ ቂምም ነበራት። ታላቅ ወንድሟ አብተው በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ሲመሽ ከገበያ ሲመለስ፣ ሁልጊዜ በሚሄድበት መንገድ ገደል ገባ። ያን ቀን ገበያ ላይ ከአለበል አጠገብ ተቀምጦ ነበር። የአለበል ዐይን በላው ተባለ። አለበል ያን ጊዜ የሚያይ ዐይን አልነበራቸውም፤ ይህን ግን ማንም አላነሣም።

“ልጁ ደግሞ ሹፌር ነው አሉኝ” አለች ይርጋለም ለሽማግሌዎቹ። “ሲመሽ መሪውን ማን ሊይዝለት ነው?”

አሳፍ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። የማታውን ፈረቃ የሚወስደውም ወዶ ነው። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ነገሩ ይደር፣ ተመልሰን እንመጣለን ብለው ወጡ። የባትኤል አያት ምንይሹ መስኮቱ ሥር እንደተቀመጡ አንድ ቃል አልተናገሩም። ገና አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን ተነሥተው የቤቱን መብራት ሁሉ አበሩ። ይህ የዘወትር ልማዳቸው ነው። ሌላም ልማድ አላቸው፤ ሲመሽ የወንድ ልጅ ስም አይጠሩም። የባትኤል ወንድም ሻሎም ልጅ ሳለ ከሜዳ ሲጠሩት፣ “ነይ ግቢ፣ እናቴ” ይሉት ነበር። ጎረቤቶች ይስቁ ነበር። ሻሎም ዛሬ ወታደር ነው፤ በእረፍቱ ሲመጣና ሲመሽ፣ እኚያ አሮጊት እስካሁን ድረስ እንደ ሴት ልጅ ያናግሩታል።

ባትኤል በመሀል ከተማው፣ ከባንኩ በላይ ባለው የዐይን ክሊኒክ የዐይን ጀርባ ፎቶ ታነሣለች። ታካሚው አገጩን አስደግፎ አረንጓዴ ነጥብ ያያል፤ ብርሃን ብልጭ ይላል፤ ከዚያ ስክሪኑ ላይ፣ በጥቁር ሰማይ መካከል፣ ብርቱካናማ ጨረቃ ትወጣለች። ባትኤል በሰው ወሬ አታምንም፤ እዚያ ስክሪን ላይ በሚታየው ግን ታምናለች። ስለዚህ ለእናቷ የሚታይ ማስረጃ ልታመጣ አሰበች። አንድ ማክሰኞ፣ ታካሚዎቹ ካለቁ በኋላ፣ አሳፍን ወደ ክሊኒኩ ሐኪም ወደ ዶክተር ኦስናት አመጣችው።

የአሳፍ ሁለት ጨረቃዎች ንጹሕ ነበሩ። ዶክተር ኦስናት ግን ፎቶውን ካየች በኋላም ስለ አያቱ ብዙ ጠየቀችው። ከዚያ ወረቀት ገልብጣ ሥዕል ሳለችላቸው። ሴት ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም አላት፤ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ። እንደ አያትህ ያለው በሽታ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በኤክሱ ላይ ነው አለች። ሴት አንዱ ኤክሷ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል፤ በደንብ ታያለች፣ ትወልዳለች፣ ምንም ሳታውቅ ታረጃለች። ወንድ የሚሸፍንለት የለውም። አባት ለወንድ ልጁ የሚሰጠው ዋዩን ነው፤ ኤክሱን የሚወስዱት ሴቶች ልጆቹ ናቸው፣ አንዳቸውም ሳይቀሩ። ስለዚህ አለበል በሽታውን ለአሳፍ አባት ሊሰጡት አይችሉም ነበር። አባቱ ያልተቀበለውን ደግሞ ለአሳፍ ሊያወርሰው አይችልም።

“እንግዲህ አገሩ ሁሉ የተሳሳተ በር ሲዘጋ ኖሯል” አለ አሳፍ። ደስ ብሎት ነበር። “እስቲ እሷንም አንሻት፣ ዶክተር። የከተማውን ሰው ሁሉ ስታነሣ የእሷን ያነሣ የለም።”

ባትኤል ከማሽኑ ኋላ እንጂ ፊት ተቀምጣ አታውቅም። አገጯን አስደገፈች። አረንጓዴዋ ነጥብ ከጠበቀችው በላይ ሩቅ ነበረች፤ በረጅም ጉድጓድ ጫፍ ላይ እንዳለች መብራት። ብርሃኑ ብልጭ አለ። ዶክተር ኦስናት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። እንደገና አነሣቻት።

ባትኤል ዞራ አየች። ጨረቃዋ ላይ ወርቅ ተረጭቶ ነበር። ከመካከሉ ወደ ዳር የሚፈስ፣ ደቃቅ የወርቅ ብናኝ። ሺህ ዐይን አንሥታ እንዲህ ያለ አላየችም፤ መጀመሪያ ያሰበችውም እንዴት ያምራል ብላ ነበር። ከዚያ የሐኪሟን ፊት አየች።

ዶክተር ኦስናት ማታ በደንብ ታያለሽ ወይ አለቻት። ታያለች። ከእናትሽ ወገን ሲመሽ የማያይ ወንድ ነበር ወይ አለቻት። ባትኤል የለም ልትል አፏን ከፍታ አብተው ትዝ አላት። ስለ ገደሉ ነገረቻት።

“መንገዱን ያውቀው ነበር?”

“በየሳምንቱ ይሄድበት ነበር።”

ወርቁ ምልክት ነው አለች ዶክተር ኦስናት። እንዲህ ያለው ነጸብራቅ የሚታየው በሽታውን በማይታመሙ፣ ግን በሚሸከሙ አንዳንድ ሴቶች ዐይን ውስጥ ነው። እርግጠኛ የሚሆነው በደም ምርመራ ነው። እውነት ከሆነ፣ የምትወልደው ወንድ ልጅ ሁሉ ግማሽ በግማሽ ዕድል አለው፤ ሴት ልጇም ግማሽ በግማሽ ትሸከመዋለች። ሻሎም አምልጧል ማለት ነው። አብተው አላመለጠም። ዛሬ ግን በእርግዝና ጊዜም ከዚያ በፊትም መመርመር ይቻላል፤ ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር አይደለም። ይልቅ የአለበልንም ደም አምጡልኝ አለች፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት እፈልጋለሁ።

አባ አለበል ከአፉላ ዳር ባለው ኮረብታ በጊቫት ሃሞሬ ላይ፣ ሸለቆው ቁልቁል በሚታይበት ሰገነት ተቀምጠው ነበር፤ ፊታቸውን ግን ወደ ግድግዳው አዙረው። ባትኤል ከአሳፍ ኋላ ገብታ፣ “ሰላም ዋሉ አባ” አለች።

የሽማግሌው እጅ መቁጠሪያ እንደያዘ ሰው አየር ላይ ቆመ።

“ሰገዱ?” አሉ።

አሳፍ ሳቀ። አባባ፣ ይህች ባትኤል ናት፣ የነገርኩዎ አለ። ሰገዱ የአለበል እናት ነበሩ፤ ከሞቱ ሃምሳ ዓመት አልፏል።

“ባትኤል ትሁን” አሉ አለበል። “ድምፁ ግን የእናቴ ነው። እስቲ ደግሞ ተናገሪ፣ ልጄ።”

ባትኤል ለደም ምርመራ እንደመጡ ነገረቻቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ቃሉን ሳይሆን ድምፁን ሰሙ። ከዚያ ሳይጠየቁ ስለ እናታቸው እኅት ማውራት ጀመሩ። አንጓች ትባል ነበር፤ በስድስት ዓመቷ ሞተች። እሳቸው ከመወለዳቸው በፊት ነው። እናታቸው ዓመት ጠብቀው ያለቅሱላት ነበር፤ አለበል ያኔ ገና ቀን ቀን ያያሉ፤ እናታቸው ደረት እየመቱ ይጮኻሉ እንጂ እንባ አልነበራቸውም። ደግሞ ቀባሪዎቹ የተናገሩት ነገር ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ሬሳ ለሁለት ጎረምሳ ከበደ አሉ።

“ለምን ከበደ?” አለች ባትኤል።

“እኔም ጠይቄ ነበር” አሉ አለበል። “በጥፊ ነው የመለሱልኝ።” ሳቁና ክንዳቸውን ለመርፌ ዘረጉ።

ውጤቱ ከአምስት ሳምንት በኋላ መጣ። ዶክተር ኦስናት ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አደረገቻቸው። በረጅሙ የፊደል ረድፍ ውስጥ፣ በአንድ ቦታ፣ አንድ ፊደል ጎድላለች። በሁለቱም ወረቀት ላይ ያው ቦታ፣ ያችው ፊደል። አካባቢዋ ያለውም ልክ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ሁለት ጫፍ ይገጥማል።

“ይህ ሁለት ቤት አይደለም” አለች። “የሆነ ቦታ ላይ አንዲት ሴት አለች፤ አንቺም እሳቸውም ከእሷ ናችሁ።”

ባትኤል ከክሊኒኩ እስከ ቤቷ በእግሯ ሄደች። ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ መብራቱ ሁሉ በርቷል። እናቷ ሥራ ላይ ነበረች። ባትኤል ከአያቷ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠችና አንድ ስም ብቻ ተናገረች።

“አንጓች።”

ምንይሹ እጃቸውን አፏ ላይ ከደኑባት። መዳፋቸው ቀዝቃዛ ነበር። ለረጅም ጊዜ አላነሡም። መስኮቱን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ከዚያ መጋረጃውን ጎትተው ዘጉ።

“እናቴ ናት” አሉ። “አልሞተችም።”

በዝግታ፣ ከጎረቤት እንደሚደበቅ ሰው ነገሯት። የአንጓች እናት ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯት፤ ሦስቱም በየተራ መሸባቸው። ሴትየዋ በሽታው ልጆቿን በስማቸው እንደሚያውቃቸው፣ ሴትም እንደማይምር አመነች። ሰገዱ ተድራ ሄዳ ነበር፤ ቤት የቀረችው ትንሿ ናት። አንድ ቀን የወፍጮ መጅ በከፈን ጠቅልላ፣ ልጄ ሞተች ብላ ጮኸች፣ አስቀበረች፣ ሰባት ቀን ለቅሶ ተቀመጠች። ልጅቷ በዚያው ሰዓት በበቅሎ ላይ ነበረች። የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ፈንታ የሚባል ልጅ የሌለው ሰው ነበር። አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ አጠባትና የጡት ልጁ አደረጋት። ስሟንም ዝና አላት። ዝና ፈንታ። ከሞተች ሰው ጋር የሚያገናኛት ነገር አልቀረም። ሰገዱ ብቻ ታውቅ ነበር፤ በየዓመቱ ቆማ የምታለቅሰው በሽታው እንዳይጠረጥር ነው።

“ከበሽታው ደበቋት” አሉ ምንይሹ።

“እምዬ፣ በሽታውን ነው የደበቁት” አለች ባትኤል። “እሷ ውስጥ።”

አሮጊቷ የገባቸው አይመስልም ነበር። ወይም ከገባቸው ቆይቷል። ባትኤል በቆጠራው ዕለት ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቀቻቸው።

“ስሟን ጮክ ብዬ ጠርቼ አላውቅም። አብተው በሆዴ ሳለ፣ ምጡ ሲጠናብኝ፣ በልቤ ጠራኋት። አንድ ጊዜ ብቻ። ሰማኝ።”

“ማን ሰማሽ?”

ምንይሹ ወደ ተዘጋው መጋረጃ በአገጫቸው አመለከቱ። ልጄን አለበል በላው ሲሉ አፌን ዘጋሁ አሉ፤ የአክስቴ ልጅ መሆኑን እያወቅሁ። አሁንም ዝም በይ አሏት። ሽማግሌዎቹ ቆጥረው ጨርሰዋል። ተጋቡ፣ ውለዱ፣ የሞተችውን ተዉአት።

አሳፍን በማግስቱ አውቶቡስ ጣቢያው አገኘችው፤ በሁለት ጉዞ መካከል ሃያ ደቂቃ ነበረው። ወታደሮች ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው የገብስ ቀለም ያለው አቧራ በነፋስ ሲንቀሳቀስ ያያሉ። ሁሉንም ነገረችው። አሳፍ ብዙ አላሰበም። እዚህ አገር ሕጉ አይከለክለንም፣ ሐኪሟም አልከለከለችንም አለ። እሱ ወደ ልጆቻቸው የሚያመጣው ነገር የለም፤ የእሷ ደግሞ መመርመር ይቻላል። የሚከለክላቸው የሽማግሌ ጣት ብቻ ነው።

“አራት ቤት ነው፣ አሳፍ። ለአባትህም ለእናቴም እኅትና ወንድም ማለት ነን።”

“ካወቁ ነዋ። ማን ይነግራቸዋል? ያንቺ አያት መቶ ዓመት ሊሆነው የቀረበ ምስጢር ይዘዋል፤ እኛ አንድ ሠርግ እስኪያልፍ መያዝ ያቅተናል?”

ባትኤል ይወደኛል ብላ አሰበች፤ እውነትም ይወዳታል። ዝም ልትል ተስማማች።

ይርጋለም የአሳፍን የዐይን ምርመራ ወረቀት በዕብራይስጥ አስነብባ፣ በቃል አስተርጉማ፣ ልጁ ንጹሕ መሆኑን ከሐኪሟ አፍ በስልክ ሰምታ፣ በመጨረሻ እሺ አለች። ባትኤል የራሷን ወረቀት አላሳየቻትም። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ሊቋጩ በእሑድ አመሻሽ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ አለበልም መጡ፤ አሳፍ አራት ፎቅ ደረጃ ደግፎ አወጣቸው። ይርጋለም ወንድሟን ለበሉት ሰው ራሷ ወንበር ሰጠቻቸው። 

ባትኤል አለበል ከገቡ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሰላም ያለቻቸውም በእጇ ነው።

“ያቺ ድምፅ የት ሄደች?” አሉ አለበል። “ቤት የለችም?”

ዐይን አፋር ናት አለ አሳፍ።

ሲቋጭ ሁለቱ ወገን ባሉበት አንድ ጊዜ ደግሞ መቁጠር ደንብ ነው። የልጅቷን ወገን የያዙት ሽማግሌ የባትኤልን እናት ወገን ጀመሩ። ባትኤል የይርጋለም፣ ይርጋለም የምንይሹ፣ ምንይሹ የዝና። ዝና የፈንታ። ፈንታ የእገሌ፣ እገሌ የእገሌ። ከፈንታ ጀምሮ የተጠሩት ወንዶች አንዳቸውም የባትኤል ደም አልነበሩም፤ ስማቸው ግን አንድ በአንድ በጣት ላይ እየታጠፈ ገባ። መስኮቱ ጠቁሯል። ባትኤል አያቷን አየች። የምንይሹ ከንፈር ያለ ድምፅ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ከሚጠራው ስም ጋር የማይሄድ ሌላ ስም ያወጣ ነበር፣ ደጋግሞ። ባትኤል አንድ ቀን እሷም ይህንን ወንበር ይዛ፣ መብራት ሁሉ አብርታ፣ የልጅ ልጇ ሲቆጠር እንዲህ ስትቀመጥ ታያት።

“ያልተቆጠረ ሰው አለ?” አሉ ሽማግሌው፣ እንደ ደንቡ።

አሳፍ ቀና ብሎ አያት። አትናገሪ ለማለት ራሱን በትንሹ ነቀነቀ።

“አለች” አለች ባትኤል። “ዝና የፈንታ ልጅ አይደለችም። አንጓች ናት።”

አለበል ከወንበራቸው ተነሡ። ማንም አልደገፋቸውም። ቆጣሪው ሽማግሌ ምንይሹን አዩ፤ ምንይሹ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ እውነት ነው አሉ። ሽማግሌው የታጠፉ ጣቶቻቸውን ፈትተው እንደገና ጀመሩ። ሰገዱና አንጓች፣ አንድ። አለበልና ምንይሹ፣ ሁለት። የአሳፍ አባትና ይርጋለም፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። ሌላው ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አነሡ። ሰባት አልደረሰም፤ ጋብቻው ቀረ።

“ታዲያ ወንድሜን ማን በላው?” አለች ይርጋለም። ድምፅዋ የልጅ ነበር።  ምንይሹ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ እንደማያውቁት ነገር ያዩአቸው ነበር።

አለበል ወደ መስኮቱ ዞሩ። “የአክስቴ ልጅ” አሉ፣ ሳይቆጡ። “ስንት ዘመን ሰላም ሳትይኝ አለፍሽ። ኮቴሽን እኮ አውቀው ነበር።”

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አሳፍ አያቱን ይዞ ተከተለ። ባትኤልን አላያትም። እሷ ግን እስከ ደረጃው ወጣች። ሁለት ፎቅ እንደወረዱ የደረጃው መብራት፣ ሰዓቱ ሞልቶ፣ በራሱ ጠፋ። እርምጃው ሁሉ በአንዴ ቆመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀስ ብሎ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ የሌላው እጅ ግድግዳ ሲዳብስ ተሰማ። ከዚያ የአለበል ድምፅ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ ያዙኝ አለ። አንዱ በሌላው ትከሻ ተያይዘው መውረድ ጀመሩ፤ ከፊት ያለው እርምጃ ብቻ አንድም ጊዜ አልተደናቀፈም።

“ደኅና እደሪ” አለ አሳፍ ከታች፣ ከጨለማው። ሌላ ደረጃ ወረደ። “እኅቴ።”

ማብሪያው ከባትኤል እጅ ሥር ነበር። አልተጫነችውም።